ሁሉንም ከኪሴ ነው የምከፍለው፤ የትኛው የደም ምርመራ ነው የግድ የሚያስፈልገኝ?

የማለዳ ጤዛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ዕድሜዬ 43 ነው። የደም ግፊት አለብኝ፤ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። እናቴ ስኳር አለባት። እስካሁን ሕክምናዬን የሚሸፍንልኝ መሥሪያ ቤቴ ነበር። ሥራ ስቀይር ሽፋኑ ቀረ። አሁን ካርዱም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ከኪሴ ነው።

ሐኪሜ «ኩላሊትሽንና ኮሌስትሮልሽን እየተከታተልን እንሄዳለን፤ ስኳርሽንም እናያለን» ብሎኛል። አንድ የግል ላብራቶሪ ሄጄ ዋጋ ስጠይቅ ግን ለየብቻው አልነገሩኝም። «ሙሉ ቼክአፕ ይሻልሻል» ብለው ረጅም ዝርዝር ሰጡኝ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ሁለት ዓይነት የስኳር ምርመራ፣ የጉበት በርከት ያለ ነገር፣ የታይሮይድ ሦስት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የካንሰር ጠቋሚ የሚባሉ፣ ሌላም ሌላም። ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ። ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን ነው የሚነካብኝ።

እውነቱን ለመናገር «ምንም አያመኝም፣ ይቅርብኝ» ማለት ጀምሬያለሁ። የእናቴን ነገር ሳስብ ግን እፈራለሁ። ከዚህ ሁሉ የግድ የሚያስፈልገኝ የትኛው ነው? ዋጋው የሚቀንስበት መንገድስ አለ? በየስንት ጊዜው ነው የሚደገመው?


ባለ ሰማያዊ ጃኬት

እህቴ፣ መመርመሩን እንዳትተዪው። እኔ ሁልጊዜ ፓኬጁን ነው የምወስደው። አንድ በአንድ ሲደመር ከፓኬጁ ዋጋ ይበልጣል። ደግሞ አንዴ ከፍለሽ ሁሉን ነገር አውቀሽ ብትገላገይ አይሻልም? እኔ በበኩሌ ውጤቱን ሳይ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።


ከማይክሮስኮፑ ጀርባ

ጤዛዬ፣ የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ደም የምቀዳውም፣ ናሙናውን ማሽን ላይ የማስገባውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

በየቀኑ የማየው ነገር አለ። ሰው ኪሱን ፈትሾ ትልቁን ፓኬጅ መክፈል ሲያቅተው ተመልሶ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ግን ከዚያ ውስጥ አራት ወይም አምስት ነገር ብቻ ነበር። ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ እጁ ላይ ነበረው። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ስለዚህ «ሁሉንም ወይም ምንም» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተይው።

ስለ ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ውጤቱ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል ሐኪሜ የሚቀይረው ነገር አለ ወይ? መድኃኒት ይጨምራል? ይቀንሳል? ሌላ ነገር ያዛል? መልሱ «የለም» ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪበት።

ወደ አንቺ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው የደም ግፊት መመሪያ ላይ የግፊት ሕክምና ሲጀመር እንዲታዩ የጠቀሳቸው የላብራቶሪ ምርመራዎች ጥቂት ናቸው። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም የደም ጨዎች፣ በተለይ ሶዲየምና ፖታሲየም። የኮሌስትሮል ምርመራ። የስኳር ምርመራ። የሽንት ምርመራ በዲፕስቲክ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ በሚነከር ወረቀት። አለቀ። ከዚህ ውጭ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ተጠቅሷል፤ እሱ ግን ደም አይደለም። ያ ረጅም ዝርዝር እዚያ ውስጥ የለም።

ለምን እነዚህ? ኢናላፕሪል ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ክሪያቲኒንንም ሊነካ ይችላል። ሐኪምሽ ኩላሊትሽን «እንከታተል» ያለሽ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ አምሎዲፒን የሚባለው ሌላ የግፊት ኪኒን ብቻ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒቱ ሰበብ ፖታሲየም መከታተል አያስፈልግሽም ነበር። ስለዚህ ዝርዝርሽን የሚወስነው የምትውጪው ኪኒን ነው።

ኩላሊትን በተመለከተ ክሪያቲኒን ይበቃል። ከእሱ ላይ ዕድሜሽንና ጾታሽን አስገብቶ ኩላሊትሽ ምን ያህል እንደሚያጣራ በቀመር ማስላት ይቻላል። ይህ ስሌት ተጨማሪ ደም አይጠይቅም። ብዙ ላብራቶሪ ከውጤቱ ጋር ያትመዋል። ካላተሙልሽ ሐኪምሽ በስልኩ ያሰላዋል። ዩሪያ የሚባለውን ለብቻው መክፈል ለአንቺ ብዙም አይጨምርም። በዲፕስቲክ የሚታየው ሽንት ግን ርካሽ ነው፤ አትዝለይው። ኩላሊት ሲጎዳ ፕሮቲን ሽንት ውስጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ ክሪያቲኒን ከፍ ከማለቱ በፊት ነው።

ኮሌስትሮል ላይ ደግሞ ዝርዝሩን አንብቢ። አንዳንዱ ቦታ ኤልዲኤልን፣ ማለትም መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ በቀጥታ ለክተው ለብቻው ያስከፍላሉ። አጠቃላይ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው) እና ትራይግሊሰራይድ (ሌላ የደም ስብ) ካሉሽ ኤልዲኤል ይሰላል። አጠቃላዩ 210፣ ኤችዲኤል 50፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ቢሆን፣ ትራይግሊሰራይዱን ለ5 አካፍለሽ 30 ታገኛለሽ። ከ210 ላይ 50 እና 30 ስትቀንሺ ኤልዲኤሉ 130 ነው። በሚሊግራም በዴሲሊትር ማለቴ ነው። ይህ ቀመር ከ1972 ጀምሮ ይሠራበታል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን አያገለግልም።

ስኳር በሁለት መንገድ መለካት ለመነሻ አያስፈልግሽም። በባዶ ሆድ የሚለካው በጣም ርካሹ ነው። በዚያው አሃድ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነሽ። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር የማዘንበል ምልክት ነው። 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ኤችቢኤዋንሲ ጾም አይፈልግም፣ ግን ወደድ ይላል። ደም ማነስ ያለበት፣ በቅርብ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ላይ ደግሞ ሊያሳስት ይችላል።

አሁን የሚቀረው። ታይሮይድ ሦስቱም? ምልክት ከሌለሽ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ካስፈለገም ታይሮይድን በሚያዘው ሆርሞን፣ በቲኤስኤች ይጀመራል። እሱ ደህና ከሆነ የታይሮይዱ ሆርሞኖች ቲ ሦስትና ቲ አራት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጉም። ቫይታሚን ዲ? የአሜሪካ የኢንዶክሪን ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ ጤነኛ አዋቂዎችን በልማድ እንዳይመረምሩ ነው የመከረው። የካንሰር ጠቋሚዎቹ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ሲኤ 125፣ የኦቫሪ ካንሰር ጠቋሚ የሚባለው፣ በወር አበባ ጊዜ ከፍ ይላል። በማሕፀን ዕጢ ምክንያትም ከፍ ይላል። ምንም ምልክት የሌላት ሴት ይህን ከፍላ ውጤቱ ሲጨምርባት ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ ሌላ ሐኪም። ወጪው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ባለ ሰማያዊ ጃኬት ወንድሜ፣ «ሁሉን አውቆ መገላገል» ያልከው ይገባኛል። ግን አንድ ስሌት ላሳይህ። ላብራቶሪ «ጤናማ» ብሎ የሚጽፈው ክልል በአብዛኛው የተሠራው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶው የሚገባበት ተደርጎ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው በአንድ ምርመራ ከክልሉ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ብታደርግ ቢያንስ አንዱ «ከፍ» ወይም «ዝቅ» የሚል ምልክት ይዞ የመምጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ይሆናል። ምንም ሳትታመም ማለት ነው። ያቺ አንዲት ቀይ ቁጥር ደግሞ ድጋሚ ምርመራ ታስከፍልሃለች፤ እንቅልፍም ትነሳለች።

ስለ ዋጋ ያልከው ግን እውነትነት አለው። አንዳንዴ ትንሽ ፓኬጅ፣ ለምሳሌ የኩላሊትና ኤሌክትሮላይት ብቻ የያዘ፣ ለየብቻ ከመክፈል ይረክሳል። ስለዚህ ጤዛ፣ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቂና አወዳድሪ። መጀመሪያ የምትፈልጊውን ጻፊ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቂ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን።


የማለዳ ጤዛ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ! ይህን ያህል ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ዝርዝሩን ጽፌ ይዣለሁ፦ ክሪያቲኒን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ኮሌስትሮል፣ በባዶ ሆድ ስኳር፣ ሽንት። ሲቢሲስ? ደግሞ ርካሽ ቦታ ሳገኝ ጥራቱ እንዳይወርድ እሰጋለሁ። ያቺን የምከፍላትንም በከንቱ መጣል አልፈልግም።


ሁለተኛ ዓመት ክትትል

እኔ የስኳር ታማሚ ነኝ። ከኪሴ ከፍዬ ነው የምታከመው። ስለ ዋጋው የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ማዘዣውን በወረቀት አጽፊና ያዥው። ብዙ ቦታ ክሊኒኩ ራሱ ደም ቀድቶ ለሌላ ላብራቶሪ ይልካል። መሃል ላይ ጭማሪ አለ። ወረቀቱን ይዘሽ ናሙናው ወደሚሠራበት ላብራቶሪ በቀጥታ ስትሄጂ ያ ጭማሪ ይቀራል። እኔ ይህን ሳደርግ ልዩነቱ በጣም ተሰምቶኛል።

የመንግሥት ጤና ተቋምና የማስተማሪያ ሆስፒታል ባለበት እዚያ ጠይቂ። ወረፋ አለው፣ ውጤቱም ሊዘገይ ይችላል። የአንቺ ምርመራ ግን አስቸኳይ አይደለም። የሚዘገይ ምርመራ ካለሽ ጊዜሽን ከፍለሽ ገንዘብሽን ማትረፍ ትችያለሽ። ከብዷቸው ለሚመጡ ሰዎች የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችም አሉ። ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም።

ዋጋ ስትጠይቂ በስልክ ጠይቂ፣ ደም ከመቀዳትሽ በፊት። «የካርድ አለ? የደም መቅጃ ለብቻው ታስከፍላላችሁ? የውጤት ማተሚያስ?» በይ። በመጨረሻ ደረሰኝ ላይ የሚጨመሩት እነዚህ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ ካላቸውም ጠይቂ። ካልጠየቅሽ አይነግሩሽም።

በየስንት ጊዜው ላልሽው፣ ለእኔ የተነገረኝን ላካፍልሽ። ስኳሬ ሳይረጋጋ የሦስት ወር ስኳሩን በየሦስት ወሩ እለካ ነበር። አሁን ስለተረጋጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ከሦስት ወር ቀድሞ መድገም ብዙ ትርጉም የለውም፤ ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ነው የሚኖረው። ምርመራው የሚያሳየው የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከወር በኋላ እንድደግመው አዘውልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ምክንያት አልነበራቸውም። ጠይቂ እንጂ አትፍሪ።

በቤቴ የጣት ስኳር መለኪያ አለኝ። ለክትትል ጥሩ ነው። ለምርመራ፣ ማለትም «ስኳር አለብሽ የለብሽም» ለማለት፣ ግን አይሆንም። ጥሩ የሚባሉት መሣሪያዎች እንኳ ከላብራቶሪው ውጤት 15 በመቶ ቢለዩ እንደ ተቀባይነት ያለው ነው የሚታየው። እናትሽ መለኪያ ካላት ባገኘሽው ቁጥር አትደንግጪ፤ ግን ደግሞ አትዘናጊ።


ከማይክሮስኮፑ ጀርባ

ሁለተኛ ዓመት ክትትል፣ ጥሩ ብለሃል።

ጤዛ፣ ሲቢሲ ርካሽ ነው። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብዙ የወር አበባ ካለሽ አድርጊው። ከሌለሽ በዚህ ጊዜ ብትተዪው የሚጎዳሽ አይመስለኝም። ደም ማነስ ካለብሽ የምትጀምሪው ከሄሞግሎቢን ነው፤ ከዚያ ካስፈለገ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ይከተላል። ሁሉንም የብረት ምርመራ በአንድ ጊዜ አትግዢ።

ጊዜውን በተመለከተ የኢናላፕሪል መጠን ሲጀመር ወይም ሲጨመር ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይታያል። ከተረጋጋ በኋላ አብዛኛው ሐኪም በዓመት አንዴ ያየዋል። ኩላሊት የደከመ ሰው ቶሎ ቶሎ ይታያል። ስኳር ላይ የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ከ35 ዓመት ጀምሮ መመርመርን ይመክራል። ውጤቱ ጤናማ ከሆነ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደገማል። እናትሽ ስኳር ስላለባት ያንቺ ሐኪም ቀረብ ሊያደርገው ይችላል። ወደ ስኳር ያዘነበለ ውጤት ከመጣ በየዓመቱ ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ሐኪምሽን «ለእኔ በየስንት ጊዜው ነው?» በይው፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ።

ስለ ጥራት የጠየቅሽው በጣም ደስ አለኝ። ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። ውድ ማለትም ጥሩ ማለት አይደለም። ላብራቶሪው አይኤስኦ 15189 የሚባለው የሕክምና ላብራቶሪ የጥራት ዕውቅና አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልሆነም «ሌላ አካል ሥራችሁን የሚፈትሽበት የውጭ ጥራት ቁጥጥር ላይ ትሳተፋላችሁ?» በይ። ይህን ጥያቄ ሰምተው የሚመልሱልሽ ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ፊታቸውን የሚያጠቁሩብሽ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ግን ከዚህም በላይ ውጤትሽን የሚያበላሸው ከማሽኑ በፊት የሚደረገው ነገር ነው። እዚህ ላይ አተኩሪ፤ ምክንያቱም የተበላሸ ናሙና ማለት ሁለተኛ ክፍያ ማለት ነው።

ለስኳሩ ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም አትብዪ። ውኃ ግን ጠጪ። ውኃ ስትጠጪ ደም ሥርሽም በቀላሉ ይገኛል። ለኮሌስትሮሉ አሁን ብዙ ቦታ ጾም አያስፈልግም ይባላል፤ ትራይግሊሰራይድ በጣም ከፍ ካለ ብቻ በጾም ይደገማል። አንቺ ግን ለስኳሩ ስለምትጾሚ ሁለቱን በአንድ ማለዳ ጨርሺ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀዳ። ለየቀኑ ካርድ መክፈል የለብሽም።

የጠዋት መድኃኒትሽን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጪ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ከባድ ስፖርት አትሥሪ፣ ብዙ ሥጋም አትብዪ። ክሪያቲኒን ይጨምራል።

ደም ሲቀዳሽ እጅሽን ደጋግመሽ ጨብጠሽ አትክፈቺ። ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ሲሰባበሩም ፖታሲየም ከፍ ይላል። ናሙና ሲዘገይ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ በቀጭን መርፌ ሲጎተት ይሰባበራሉ። ፖታሲየምሽ ብቻውን ከፍ ብሎ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ናሙናው ተሰባብሯል ወይ?» ነው። ላብራቶሪው ያንን ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ከተሰባበረ ደግሞ ድጋሚውን በነፃ እንዲሠሩልሽ ጠይቂ።

ስኳሩ ላይ ሌላ ነገር አለ። ፈሳሹ ከደም ሴሎቹ ሳይለይ ደሙ ተራ ቱቦ ውስጥ ሲቀመጥ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል። በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአንድ መቀበያ ተቀድቶ ማታ ወደ ሩቅ የሚላክ ከሆነ ትክክለኛ ስኳርሽን ላታገኚ ትችያለሽ። «ስኳሩ እዚሁ ነው የሚሠራው? ቶሎ ይለያል?» ብለሽ ጠይቂ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ አለ፤ እሱ የሴሎቹን ሥራ ያቀዘቅዛል፣ ግን ቶሎ መለየቱን አይተካም።

ውጤቱን ስታነሺ አሃዱን ተመልከቺ። አንዱ ቦታ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይጽፋል። ስኳር 5.5 ካየሽ አትደንግጪ። በ18 ስታባዢው 99 ነው። በሚቀጥለውም ከቻልሽ እዚያው ላብራቶሪ አድርጊው። ማሽንና ዘዴ ሲለያይ ቁጥር ይለያያል፤ ስታወዳድሪ የተለወጠችው አንቺ ትሁኚ ማሽኑ አታውቂም።

የውጤት ወረቀትሽን አትጣዪ፤ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። አዲስ ሐኪም ጋር ስትሄጂ ትላንት የተሠራውን ዛሬ እንዳያሠሩሽ ያደርጋል። አንድ ነገር መጨመር ካስፈለገ ደግሞ ላብራቶሪው ናሙናሽን ለጥቂት ቀን በማቀዝቀዣ ያስቀምጥ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ የኬሚስትሪ ምርመራ ከዚያው ላይ ሊጨመር ይችላል። አዲስ ደም መቀዳትም፣ አዲስ ካርድም አያስፈልግም።


ባለ ሰማያዊ ጃኬት

64 በመቶውን ስሌት አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ባለፈው ዓመት የጉበት አንዷ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብላ ስንት ቦታ እንዳዞረችኝ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ ምንም አልተገኘም። አሁን ገባኝ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የጨጓራ ባክቴሪያ የሚባለውን ኤች ፓይሎሪ በደም ነው የምመረመረው። መድኃኒት ጨርሼም ፖዘቲቭ ይለኛል። ይህም ገንዘብ ማባከን ነው?


ከማይክሮስኮፑ ጀርባ

አዎ ወንድሜ፣ በደም የሚለካው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ጠፋ አልጠፋ ለማለት አይረዳህም። ለዚያ የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው የሚሆነው። መድኃኒቱን ከጨረስክ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይተህ አሠራው። ኦሜፕራዞልና መሰል የጨጓራ ኪኒን የምትወስድ ከሆነም ሐኪምህን ጠይቀህ ከ2 ሳምንት በፊት አቁም፤ ካልሆነ ውጤቱን ያበላሻል።


የማለዳ ጤዛ (ጠያቂ)

ዛሬ ሦስት ቦታ ደወልኩ። ለተመሳሳይ ዝርዝር ዋጋው ይህን ያህል ይለያያል ብዬ አልገመትኩም። አንዱ ጋ የጥራት ቁጥጥሩን ስጠይቅ ያነሳችው ልጅ ራሷ በደስታ አስረዳችኝ፤ እዚያ ለመሄድ ወስኛለሁ። ስኳሩንም እዚያው ነው የሚሠሩት። ሽንቱንና ኮሌስትሮሉን ጨምሮ የምችለው ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ለፀጉሬ ብዬ የባዮቲን ኪኒን እወስዳለሁ። ሐኪሙ ቲኤስኤች ልጨምር ቢል ችግር አለው?


ከማይክሮስኮፑ ጀርባ

ጥሩ ጠየቅሽ። ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ የታይሮይድን ምርመራ ያሳስታል። በአንዳንድ ማሽን ቲኤስኤችን ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት አቁሚው፣ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለሚቀዳሽ ሰውም ንገሪው። ክሪያቲኒንሽንና ስኳርሽን አይነካም፤ እነዚያን እንደታቀደው አሠሪ።